ውሃ የማይጠጣው ሽንት ቤታችን

ማስጠንቀቂያ፦ ይህችን ጽሑፍ ምግብ እየበላችሁ አታንብቧት። የምናወራው ስለ ሽንት ቤት ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ስለ ኳስ፣ ስለ ፖለቲካና ስለ ሃይማኖት ሲጨቃጨቁ የሚያመሹ ጓደኛሞች ሞልተዋል። «አንዲት ሽንት ቤት ምን ዓይነት ትሁን?» በሚል ሦስት ወር ሙሉ የተጨቃጨቁ አምስት ጓደኛሞች ግን ከኛ ሌላ መኖራቸውን እንጠራጠራለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን አንዱ ከአያቱ የቀረች ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ቢሾፍቱ ዙሪያ፣ አድአ ውስጥ አለችው። መብራት የላትም፣ ቧንቧ የላትም። ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ ጫጫታ የምንሸሸው ወደ እሷ ነው። የመብራቱ ነገር ቶሎ አለቀ፤ አንድ የፀሐይ ፓኔልና አንድ ባትሪ ተገዝተው አምፖሉም በራ፣ ስልኩም ሞላ። ውሃው በመጠኑ ተቻለ። ክረምት ላይ ከጣሪያው የምንይዝባት 1,000 ሊትር የምትይዝ ሮቶ አለችን፤ በጋ ላይ ደግሞ የሰፈሩ ልጅ ከቦኖ በአህያ ያመጣልናል። የቀረው ሽንት ቤቱ ነበር። ነባሩ ሁለት ግንድ የተጋደመበት ጉድጓድ ነው፤ ዙሪያው በሸራ ተከልሏል፣ ነፋስ ሲመጣ ሸራውም እናንተም ትጋለጣላችሁ።

ይህን እንደ ቀልድ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን ከአምስታችን ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ እነሱ ከአርብ ማታ ጀምሮ ውሃ መጠጣት ያቆማሉ። ሻይ ሲቀርብ «ይቅርብኝ»፣ ሐብሐብ ሲቆረጥ «ጠግቤያለሁ»። እሑድ ማታ ራስ ምታት ይዘው ይመለሳሉ። የአንዱ ጓደኛችን እናት ደግሞ ቤቷን ማየት እየፈለጉ አንድም ቀን አልመጡም። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቁጢጥ ማለት አይችሉም፤ ይህንን ደግሞ ለልጅ ጓደኞች አፍ አውጥተው አይናገሩም። «ሌላ ጊዜ» ይላሉ እንጂ። ሽንት ቤት ማን መምጣት እንደሚችልና ማን እንደማይችል የሚወስን በር መሆኑን ያየነው እዚህ ላይ ነው።

እናም ክርክሩ ተጀመረ። ሦስት ወገን ወጣ።

የመጀመሪያው ወገን «ባለ ነጭ ወንበር» ነው። ሴራሚኩ ይገዛ፣ ታንከሩ ይገጠም፣ ገመዱ ይሳብ፣ እፎይ እንበል ይላል። እሺ፣ እንደምር። ውሃ ቆጣቢ የሚባለው መቀመጫ በአንድ ጊዜ 6 ሊትር ይለቃል፤ የቆዩት ከዚያም ይበልጣሉ። አምስት ሰው በቀን አምስት አምስት ጊዜ ቢገባ 25 ጊዜ ነው። 25 ጊዜ 6 ሊትር፣ 150 ሊትር። በሁለት ቀን 300 ሊትር፤ ማለት 15 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። አንዲት አህያ በአንድ ጉዞ አራት ጀሪካን ብትጭን አራት ጉዞ ይሆናል። ይህ ሁሉ ለመጠጥም ለቡናም ለገላም አይደለም። ከቦኖ ተቀድቶ፣ ተከፍሎበት፣ አህያ ላይ ተጭኖ የመጣ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ አንድ ነገር ከዓይናችን እንዲያርቅልን ብቻ የሚፈስ ነው። ሮቷችን ሙሉ ብትሆን እንኳ አራተኛውን ቅዳሜና እሑድ አታይም።

ሁለተኛው ወገን «ባለ ጆግ» ነው። ይህ ወገን ኮንዶሚኒየም ያደጉትን ይዟል፤ ክርክሩም ጠንካራ ነበር። «እኛ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ስንት ዓመት ሙሉ በባልዲ ስንለቅ ኖረን የለ እንዴ? ታንከሩ ግድግዳ ላይ ጌጥ ነበር» አሉ። እውነት ነው። አዲስ አበቤ ሳያውቀው ጥሩ ልምድ አለው። የሽንት ቤት ሽታን የሚያግደው ታንከሩ አይደለም፤ ከሥር ያለው የታጠፈ ቱቦ ነው። አሌክሳንደር ካሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1775 የፈጠራ መብት ያወጣበት ቱቦ ነው፤ እጥፋቱ ላይ የሚቀረው ጥቂት ውሃ እንደ ክዳን ሆኖ ሽታውን ወደ ታች ይይዘዋል። ቱቦው አጭር፣ ሳህኑ ተዳፋት ከሆነ በእጅ የሚፈስ ከ1 እስከ 3 ሊትር ውሃ ይበቃል። ሕንድ ውስጥ ቢንደሽዋር ፓታክ እ.ኤ.አ. በ1970 የመሠረቱት ሱላብ የተባለው ድርጅት በዚህ መንገድ ነው የሠራው፤ አንድ ሳህን ሁለት ጉድጓድ፣ አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው ማዞር፣ የመጀመሪያው ደርቆ እስኪበሰብስ መጠበቅ። ሳቶ የምትባለውም እ.ኤ.አ. በ2013 ባንግላዴሽ የጀመረች የፕላስቲክ ሳህን አለች፤ ከሥሯ ተከፍቶ የሚዘጋ ምላስ ስላላት ግማሽ ሊትር አካባቢ ይበቃታል።

ባለ ጆጎቹ ሊያሸንፉ ጥቂት ነበር የቀራቸው። ያቆማቸው አፈሩ ነው።

የአድአ ጥቁር አፈር ለጤፍ የተባረከ ነው፤ ለጉድጓድ ግን አይመችም። በበጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ሲርስ አብጦ ውሃ ማስረግ ያቆማል። የቆፈርከው ጉድጓድ ወይ ይናዳል ወይ ውሃ ሞልቶ ይፈሳል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ጎረቤታችን ናቸው፤ እሳቸው ሳይሆኑ የእሳቸው ጉድጓድ ማለታችን ነው። ከቤታችን ቁልቁል 35 እርምጃ ላይ ከነልጅ ልጆቻቸው የሚጠጡበት በእጅ የተቆፈረ ውሃ አላቸው። ሰፊር በሚባለው የዕርዳታ ሥራ መመሪያ ላይ የተለመደው ልክ ሽንት ቤት ከከርሰ ምድር ውሃ መቅጃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ የጉድጓዱም ወለል ከውሃው ጠገግ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል የሚል ነው። የኛ እርምጃ ሜትር አይሞላም። መሬቱ የተሰነጠቀ ሲሆን ደግሞ ከዚህም በላይ መራቅ ያስፈልጋል።

አዛውንቱ መመሪያውን አላነበቡም። ልናማክራቸው ስንሄድ በዱላቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ የናንተ ጉድጓድና የኔ ጉድጓድ መሬት ውስጥ ይተዋወቃሉ።»

ከዚህ በኋላ ምን ክርክር አለ? እኛ በሳምንት ሁለት ቀን መጥተን የምንዝናና ሰዎች ነን። እሳቸው ሰባቱንም ቀን እዚያው ይጠጣሉ። የኛ እፎይታ የእሳቸው ልጅ ልጆች ተቅማጥ መሆን የለበትም።

እናም ሦስተኛው ወገን፣ «ባለ አመድ»፣ ተነሣ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ወደ ታች አንቆፍርም፣ ወደ ላይ እንገነባለን። ሽንትና ዓይነ ምድር ከመጀመሪያውም አይቀላቀሉም። የሚሸተው በአብዛኛው ቅልቅሉ ነው፤ ለየብቻ ሲሆኑ ሁለቱም ሥርዓት ይይዛሉ። ይህ ከፈረንጅ ሀገር ብቻ የመጣ ጨዋታ አይደለም። አርባ ምንጭ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ሮዛ በተባለው የአውሮፓ ኅብረት በደገፈው ፕሮጀክት ሽንት የሚለዩ ደረቅ ሽንት ቤቶች ተሠርተው ተሞክረዋል።

አሠራሩን ለሚፈልግ እንንገር። ከመሬት በላይ ወለሉ በሲሚንቶ የተለሰነ ሁለት የብሎኬት ክፍል ተሠራ፤ እያንዳንዱ ግማሽ ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል። ከላይ ሶሌታ ተሞላ፣ ሁለት ቀዳዳ ወጣለት፤ አንዱ ሥራ ላይ ነው፣ ሌላው ተከድኗል። በቀዳዳው ላይ አናጺው የእንጨት መቀመጫ ሠራ፤ ግራና ቀኙ ላይ የእናቲቱን ጉልበት አስበን መደገፊያ አስገጠምን። ሽንት የሚለይ ሳህን ሱቅ ውስጥ ፈልገን ስላላገኘን ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ቆርጠን ከመቀመጫው ፊት ለፊት እንደ ማጥለያ አሰርነው፤ ከእሱ ቀጭን ጎማ ወርዶ ውጭ ያለ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ይገባል። ከክፍሉ ጀርባ ባለ 110 ቱቦ ከጣሪያው በላይ ወጣ፣ ጫፉ ላይ የዝንብ መከላከያ ወንፊት ታሰረ። ነፋስ በቱቦው አፍ ላይ ሲያልፍ ሽታውን ወደ ላይ ይስባል፤ ብርሃን አይታ ወደ ላይ የወጣች ዝንብም ወንፊቱ ላይ ትቀራለች። ይህን ዘዴ ዚምባብዌ ውስጥ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዳበሩት ፒተር ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪ ናቸው። ዋጋውን አንጽፍም፤ ብንጽፈው እናንተ ስታነቡት ሲሚንቶው ጨምሮ ያሳፍረናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለን ለአምስት መካፈላችንን ብቻ እወቁልን።

ከመካከላችን ሁለቱ በውሃ የሚታጠቡ ናቸው፤ ሶፍት አያሳምናቸውም። ደረቁ ክፍል ውስጥ ውሃ ከገባ ደግሞ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ ከመቀመጫው አጠገብ ለብቻው መታጠቢያ ቦታ ተለሰነ፤ ውሃው ከጉድጓዱ በተቃራኒ በኩል፣ ላይኛው ጥግ ላይ ወዳለ የጠጠር አልጋ ይሄዳል። አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ፣ እጅ መታጠቢያ ደግሞ ባለ ቧንቧ ጀሪካን። ሁሉም ተደምሮ በቀን ከአንድ ጀሪካን አይበልጥም። ከሰባት ጀሪካን ተኩል ወደ አንድ!

ከተጠቀሙ በኋላ የሚለቀቅ ነገር የለም፤ አንድ ጣሳ አመድ ወይም ከአናጺ ቤት የመጣ ሰጋቱራ ይነሰነሳል። አመዱ እርጥበቱን ይመጣል፣ አልካላይነቱ ደግሞ ተህዋስያኑን ያዳክማል። ጎረቤቶቻችን እንጀራ በጋገሩ ቁጥር የሚደፉትን አመድ ያስቀምጡልናል። አመድ በዱቄት ይስቃል ይባላል፤ እኛ ቤት ግን አመድ ሲያልቅ ዱቄት እንዳለቀበት ሰው ነው የምንደነግጠው።

ሕጎች አሉ፤ በሩ ላይ ተለጥፈዋል። አንደኛ፣ ወንዶችም ተቀምጠው ነው። (ይህ ሕግ ከሁሉም ይበልጥ አከራካሪ ነበር፤ ሴቶቹ ድምፅ ሳይሰጥበት አጸደቁት።) ሁለተኛ፣ አመድ ሳይነሰንስ የወጣ የዕለቱን ሳህን ያጥባል። ሦስተኛ፣ የሽንቱ ጀሪካን እሑድ ከሰዓት ይነሣል። አንድ ሰው በቀን ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ይሸናል፤ አምስት ሰው በሁለት ቀን ከ10 እስከ 15 ሊትር፣ አንድ ጀሪካን የማይሞላ ማለት ነው። ከሰውነታችን የሚወጣው ናይትሮጂን አብዛኛው ያለው እዚያ ውስጥ ስለሆነ ከጉድጓዱ ርቀው ላይኛው አጥር ላይ ለተተከሉት የግራቪሊያ ችግኞች ከሥራቸው ጫር ጫር አድርገን እናካፍላቸዋለን፤ አፈርም እንመልስበታለን። አዛውንቱ አይተው ሳቁብን። ጤፋቸው አጠገብ እንዳናደርሰው ግን አደራ አሉን፤ እኛም ቃል ገባን።

ከኛ ቤት ወጣ ብለን ካየነው ሀገራችን በዚህ ጉዳይ የምታፍር አይደለችም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሪፖርት መሠረት በ1990 ከመቶው 92 ኢትዮጵያዊ ሜዳ ላይ ይጸዳዳ ነበር፤ በ2015 ቁጥሩ 29 ደርሷል። ይህን የለወጠው ነጭ ሴራሚክ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ቤት ለቤት የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በገዛ እጁ ጉድጓድ የቆፈረው ገበሬ ናቸው። እኛ ከተሜዎቹ ነን ሽንት ቤት ማለት ገመድ ሲሳብ «ሿ» የሚል ነገር ብቻ የሚመስለን። «ሿ» ካለ በኋላ የት እንደሚሄድ ጠይቀን አናውቅም። እዚህ የሚሄድበትን በዓይናችን እናያለን፤ ከሥራችን ነው ያለው።

የጓደኛችን እናት በጥር መጡ። መደገፊያውን ይዘው ገብተው ሲወጡ አመዱን ነስንሰው ነበር፣ ማንም ሳይነግራቸው። ስለ ሽንት ቤቱ አንድ ቃል አልተናገሩም። ሁለት ሌሊት አደሩ፤ ለኛ ይህ በቂ መልስ ነው። ሴቶቹም ሻዩን እየደገሙ ነው።

አንድ ያልተዘጋ ጉዳይ ግን አለ። አንድ ሰው በዓመት ከ50 ሊትር ያህል ዓይነ ምድር አይበልጥም፤ የኛ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሆነ አምስታችን ተደምረን በዓመት 70 ሊትር ገደማ ነው። አመዱ እጥፍ ቢያደርገው እንኳ አንዱ ክፍል ለመሙላት ከሦስት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ከዚያ ተዘግቶ ሁለት ዓመት ይቆያል፤ የወስፋት እንቁላል ግትር ስለሆነ መቸኮል አይገባም። ስለዚህ የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ አንድ ሰው አካፋ ይዞ ያንን በር ይከፍታል።

ማን? የዛሬ አምስት ዓመት ማን የት ሀገር እንደሚኖር፣ ማን እንደሚያገባ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚኮራረፍ አናውቅም። በኛ ዕድሜ ጓደኝነት የሚፈተነው በአውሮፕላን ማረፊያ ነው። ግን አንድ ወረቀት ተጽፎ አምስታችንም ፈርመንበታል፤ «ያለንበት ቦታ የትም ቢሆን በዚያ ቀን እንገኛለን» ይላል። አካፋው ተገዝቶ ከበሩ ጀርባ ቆሟል።

ቸር እንሰንብት።