ከፈተና በኋላ ያለው ፈተና



የሒሳብ ባግሩት በሚሰጥበት ዕለት ልጆቻችን የሚፈተኑት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ተቆጣጣሪ ባለበት ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ነው። ሁለተኛው ከትምህርት ቤቱ በር ሲወጡ ይጀምራል። «ሦስተኛው ጥያቄ ስንት መጣልህ?» «እኔ 12፤ አንቺስ?» እየተባባሉ መልስ ያመሳክራሉ። በዚያው ቀን የግል ማስጠኛዎችና መምህራን ሙሉውን መፍትሔ በኢንተርኔት ያወጡታል። ማታ ልጁ ስልኩን ይዞ አንድ በአንድ እየቆጠረ ለራሱ ውጤት ይሰጣል። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ሁለተኛው ፈተና ነው። እኛ ወላጆች እንደ ቀልድ ብናየውም የልጅን መንገድ ሊያስለውጥ ሲደርስ አይቻለሁና።

መልስ ማመሳከር ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። ጎንደር ማትሪክ የተፈተንን ሰዎች በደንብ እናስታውሰዋለን። የሒሳቡ ፈተና የምርጫ ነበር፤ ከኤ፣ ከቢ፣ ከሲ፣ ከዲ አንዱን መርጦ በእርሳስ ማጥቆር ነው። ስንወጣ ከመካከላችን ጎበዝ የሚባለውን ልጅ ከበን «ሃያኛው ምንድን ነው?» እንለው ነበር። እሱ ያለው እንደ ትክክለኛ መልስ ይያዝና የገጠመልንን እንቆጥራለን። ጎበዙ ልጅ ካልተሳሳተ በስተቀር ቆጠራው ብዙም አይርቅም። ፊደሏ ከገጠመች ነጥቡ አለ፤ ካልገጠመች የለም፤ በመካከል ምንም የለም። ከ2020 ወዲህ በጹር እስራኤል ዘመቻ የመጡ ቤተሰቦችም የሚያውቁት ብሔራዊ ፈተና እንዲሁ የምርጫ ነው። ስለዚህ ልጃችን «አባዬ፣ ሁለት ጥያቄ ተሳስቻለሁ» ሲለን በዚያው በድሮው ልማድ «የሁለቱ ጥያቄ ነጥብ ሄደ» ብለን እንደመድማለን።

የሒሳብ ባግሩት ግን እንዲህ አይታረምም። አራሚው የመጨረሻዋን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ወደ እርሷ የተሄደበትን መንገድ ያያል። ተማሪው ሥራውን ሁሉ ከነስሌቱ በዝርዝርና በግልጽ እንዲያስረዳ፣ ዝርዝሩ ቢጎድል ነጥብ ሊቀነስበት ወይም ፈተናው ሊሰረዝበት እንደሚችል በፈተናው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል።

በቀላል ምሳሌ ልግለጸው። አንድ ዕቃ 500 ሸቀል ነበር እንበል። ዋጋው በመጀመሪያ በ20 በመቶ ጨመረ፤ ከዚያ ከአዲሱ ዋጋ ላይ 20 በመቶ ቀነሰ። አሁን ስንት ነው? መልሱ 480 ነው፤ መጀመሪያ 600 ሆነ፣ ከ600 ላይ 120 ሲቀነስ 480። አንደኛዋ ልጅ 500 በ1.2 ሲባዛ 600፣ 600 በ0.8 ሲባዛ ብላ በትክክል ጻፈችና መጨረሻ ላይ ስታባዛ ተሳስታ 460 አለች። ሁለተኛው ልጅ ምንም ሳያሳይ 480 ብሎ ብቻ ጻፈ። ማታ በስልክ ሲመሳከሩ እሷ ታለቅሳለች፣ እሱ ይጨፍራል። አራሚው ፊት ሲቀርቡ ግን እሷ መንገዱን ስለምታውቅ የሚጎድልባት የስሌቱ ስህተት ነው። እሱ ግን ማወቁን የሚያሳይ ምንም ነገር አልተወም።

ከዚህ ሌላ መምህራን «ታዑት ኒግሬሬት» የሚሉት ነገር አለ፤ ተጎታች ስህተት ማለት ነው። ልጁ በክፍል አሌፍ አንድ ቁጥር ተሳስቶ በክፍል ቤት በዚያው የተሳሳተ ቁጥር ትክክለኛውን ሥራ ከሠራ፣ ስህተቱ ጥያቄውን ካላቀለለው በቀር፣ በአጠቃላይ ለአንድ ስህተት ሁለት ጊዜ አይቀጣም። በስልክ ላይ ግን ሁለቱም መልሶች ስለማይገጥሙ ልጁ ራሱን ሁለት ጊዜ ይቀጣል።

የእህቴ ልጅ 5 የሂዶት ሒሳብ ትማር ነበር። የመጀመሪያውን ሸኤሎን በተፈተነችበት ማታ ስትቆጥር፣ እያንዳንዳቸው 20 ነጥብ ከሆኑት አምስት ጥያቄዎች ሁለቱ ገጠሙ፣ አንዱ በግማሽ ገጠመ፣ ሁለቱ አልገጠሙም። «50 ነው፤ ማለፊያው 55 ነው፤ ወድቄአለሁ» አለች። በማግስቱ ሄዳ ወደ 3 የሂዶት ለመውረድ ቆረጠች። አባቷም አዝኖ «ካቃታት ትተወው፤ ልጄ በሒሳብ ምክንያት አትታመምብኝ» አለ። ከፍቅር የተነሣ ነው እንጂ ክፋት የለበትም። እኔም «እስቲ ሳትረሺው የጻፍሽውን ሁሉ በወረቀት አስፍሪው» አልኳት። «ጋሼ፣ ምን ይጠቅማል?» እያለች ጻፈችው። መምህሯ በማግስቱ ሲያዩት ባልገጠሙት ሁለት ጥያቄዎች ውስጥ አብዛኛው መንገድ ትክክል ነበር። ከሳምንታት በኋላ የመጣው ውጤት 68 ሆነ።

የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ተቃራኒው ደረሰበት። መልሶቹ ሁሉ ገጥመውለት «90 አላጣም» ብሎ ነበር፤ የመጣለት 74 ነው። ሥራውን የሠራው «ትዩታ» ብሎ ርዕስ በሰጣቸው የረቂቅ ገጾች ላይ ነበርና ወደ ንጹሑ ገጽ የገለበጠው መልሶቹን ብቻ ነው። ረቂቅ ደግሞ አይታረምም።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ልግባ። የሂዶት መቀነስ ትንሽ ውሳኔ አይደለም። 5 የሂዶት ሒሳብ 60ና ከዚያ በላይ ላገኘ ተማሪ ዩኒቨርሲቲዎች በመግቢያ አማካይ ስሌት 35 ነጥብ ቦነስ ይጨምሩለታል፤ ለ3 የሂዶት ቦነስ የለም። ስለዚህ በ5 የሂዶት 70 ያመጣ ልጅ በስሌቱ 105 ይያዝለታል፤ በ3 የሂዶት 95 ያመጣ ግን ያው 95 ነው። ይህን ስል ሁሉም ልጅ 5 ይማር ማለቴ አይደለም። በ3 የሂዶት ተፈትኖ ባግሩቱን በእጁ የያዘ ልጅ የሚከበር ሥራ ሠርቷል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ውሳኔ በአንድ ማታ የስልክ ቆጠራ ሊወሰን አይገባም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የየሂዶት ነገር ግን ካፈሰሱት በኋላ ለመልቀምም ያስቸግራል።

ደግሞም አንድ ሸኤሎን ሙሉው ውጤት አይደለም። አንዱ 60 በመቶ፣ ሌላው 40 በመቶ ይይዛል እንበል። በመጀመሪያው 70፣ በሁለተኛው 85 ያመጣ ልጅ 42ና 34 ሲደመር 76 ይሆንለታል። ከዚህ ሌላ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ማገን አለ። ፈተናውን ደግሞ ተፈትኖ ማሻሻልም ይቻላል።

ታዲያ ወላጅ ምን ያድርግ? ሒሳቡን ባናውቀው፣ ዕብራይስጡም ቢከብደን፣ ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ። ልጁ ከፈተና ሲመለስ «ስንት ታገኛለህ?» ከማለት ይልቅ «ሥራህን አሳይተህ ጻፍህ ወይ?» ብለን እንጠይቀው። ማመሳከሩን አንከልክል፤ ልጆች ናቸውና አይቀርላቸውም። ነገር ግን የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን መንገዱን እንዲያስተያይ እንንገረው። የማይገጥም ከበዛበት የጻፈውን ሳይረሳው አስፍሮ ለመምህሩ ያሳይ። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ የሂዶት የሚቀንስ ወረቀት ላይ አንፈርም። ከፈተናው በፊት ደግሞ ልጃችን እንደ አዲስ ዖሌ እንደ ተጨማሪ ሰዓት ያለ ማቅለያ ይገባው እንደሆነ የትምህርት ቤቱን ራካዝ ወይም ዮዔጼት በጊዜ እንጠይቅ፤ ካለፈ በኋላ መጠየቁ አይረዳውም።

በዚያች ማታ ልጁ ከእኛ የሚፈልገው የሒሳብ እውቀት አይደለም። እራቱን የሚያቀርብለት፣ «ገና አልታወቀም፤ ቆይ» የሚለው ሰው ይፈልጋል። ያንን ደግሞ ማናችንም እንችላለን።

ለተፈታኝ ልጆቻችን ሁሉ መልካም ውጤት እመኛለሁ። ቸር ይግጠመን።