እማዬን ላድን ብዬ ልገድላት ነበር!

አንባቢያን፣ ይህን የምጽፈው እንድትስቁብኝ አይደለም፤ ብትስቁም አይገርመኝም። እማዬ የምትኖረው ነቀምቴ ነው። ስኳር ከያዛት ስድስት ዓመት አልፏታል፤ ሁለተኛው ዓይነት፣ በኪኒን የሚታከመው። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ሐኪሟ ነኝ! "አንቲኦክሲዳንት" የሚል ቃል አንብቤ፣ የግማሽ ወር ደሞዜን ለአንድ ብልቃጥ እንክብል ከፈልኩና በአውቶቡስ ላክሁላት። "የሰውነት ዝገት ያጥባል" አልኳት በስልክ።

እሷ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሆዷን የሚያውካትን ሜትፎርሚን እርግፍ አድርጋ ተወችው። "ልጄ የላከልኝ ይበልጣል" ብላ! ለፋሲካ ስሄድ ከስታለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ትጠጣለች። በማግስቱ በባዶ ሆዷ ብትመረመር ስኳሯ 312! ወገቤ ቁርጥ አለ።

ሐኪሙ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ በሴሎቻችን ውስጥ ጎጂ የኦክስጅን ቅንጣቶች ይበዛሉ፣ ይህ እውነት ነው አለኝ። እነሱን የሚያመክኑትን ኢንዛይሞች ግን ሰውነት ራሱ ነው የሚሠራቸው። ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝ ይጀምረዋል፤ ካታሌዝና ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ ወደ ውሃ ለውጠው ይጨርሱታል። ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ሲለካ አንዱ ጥናት ሥራቸው ቀንሶ፣ ሌላው ደግሞ ጨምሮ ያገኘዋል።

"ታዲያ ኢንዛይሙን ብትውጠውስ?" አልኩት። ሳቀ። ፕሮቲን ስለሆነ ሆድ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል። ቫይታሚን ኢስ? እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ በሆነው "ሆፕ" በተባለው ጥናት ከ9,000 በላይ ሰዎች ተካፍለዋል፤ ከሦስት አንዱ በላይ ስኳር ነበረበት። ቫይታሚኑን ለዓመታት የወሰዱት ከልብ ሕመም በኩል ካልወሰዱት አልተሻሉም።

"እሳቱ እየነደደ ጭስ ታባርራለህ?" አለኝ። እሳቱ ስኳሩ ነው መሆኑ ነው።

ለካ እማዬ ሜትፎርሚኑን የምትውጠው በባዶ ሆዷ ኖሯል! ከምግብ ጋር፣ ከትንሽ መጠን ጀምራ ቀጠለች፤ ሆዷም ረጋ። ጠዋት ጠዋትም በእግሯ ገበያ ትወርዳለች።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩላት።

"ኪኒንሽን ዋጥሽ?"

"ዋጥኩ። አንተስ የኔ ልጅ፣ ስኳርህን አየህ? እኔን የያዘኝ አንተን አይዝህም ያለህ ማነው?"

አላየሁም። ቅዳሜ እሄዳለሁ።