ለዐረፋ ገጠር ስትወጡ መዥገርን አትርሱ



ዐረፋ ሲቃረብ የከተማው ወጣት ወደ ገጠር ይጎርፋል። ቤተሰብ ይጠይቃል፣ የኡድሒያ በግ ይጎትታል፣ ሳር ላይ ጋደም ብሎ ከአብሮ አደጎቹ ጋር ያወጋል። ስለ ኡድሒያ መስፈርት ብዙ ሰምታችኋል። ዛሬ ከበጉ ጋር አብራ ስለምትመጣ ትንሽ ፍጡር፣ ስለ መዥገር ላውራችሁ።

ወሎ ገጠር ደረሳ ሆኜ ስቀራ መዥገር ለእኛ እንግዳ አልነበረም። እንጨት ለቅመን ስንመለስ ማታ በኩራዝ ብርሃን አንዳችን የሌላችንን አንገትና ጆሮ ግንድ እናይ ነበር። የከተማ ልጅ ግን ይህ ልማድ የለውም። ባለፈው ዓመት ከዐረፋ መልስ እኛ ጋር ከሚቀሩት ወጣቶች አንዱን ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት ጣለው። ቤተሰቡ «ታይፎይድ ነው» ብለው የገዙለትን ኪኒን ሦስት ቀን ዋጠ፤ ለውጥ የለም። ልጠይቀው ስሄድ ብሽሽቱ ማበጡን ነገረኝ። «እግርህ ላይ ቁስል አለ እንዴ?» ስለው ከጉልበቱ ጀርባ ጥቁር ቅርፊት ያላት ትንሽ ቁስል አሳየኝ። ገጠር ሳለ መዥገር ነቅሎባት ነበር። ይህንኑ ለሐኪም ሲናገር ሌላ መድኃኒት ታዘዘለት፤ አልሐምዱሊላህ፣ ተሻለው።

እንዲህ ያለ ሕመም ከሚያመጡት አንዱ ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚባል ባክቴሪያ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ከተሰበሰበ መዥገር ላይ ተገኝቷል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከንክሻው ሳምንት ገደማ በኋላ ይመጣል፦ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የጡንቻ ሕመም፣ የንፍፊት ማበጥ፣ በተነከሰው ቦታ ላይ ጥቁር ቅርፊት። ሕክምና አለው። ችግሩ ሕመምተኛው ንክሻውን ካልተናገረ ከወባና ከታይፎይድ ጋር መምታታቱ ነው።

መዥገር አይበርም፣ አይዘልም። ሳር ጫፍ ላይ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ የሚያልፈውን ይጠብቃል፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ የሚመጣም አለ። ሲነክስ ምራቁ ስለሚያደነዝዝ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ስለዚህ፦

ሱሪያችሁን ከቁርጭምጭሚት በላይ የምታሳጥሩ ወንድሞች፣ ሳር ውስጥ ስትገቡ ረጅም ካልሲና የተሸፈነ ጫማ አድርጉ። እህቶች፣ ሳር የሚጠርግ ጅልባብ መዥገር ያነሳል፤ ከውስጥ ሱሪ ልበሱና ጫፉን ካልሲ ውስጥ ክተቱት። ነጣ ያለ ልብስ ላይ መዥገር ቶሎ ይታያል። ዲት ያለበት የነፍሳት መከላከያ ቅባት ካገኛችሁ በመመሪያው መሠረት ተቀቡ። ለከብት የሚረጨውን ዲያዚኖን ግን ሰውነታችሁ ላይ እንዳታደርጉ፤ መርዝ ነው።

ከበጉ ላይ መዥገር ነቅላችሁ በጥፍር አትጨፍልቁ፤ ደሙ በተሰነጠቀ ጣት ሊገባ ይችላል። እርድ ካለቀ በኋላም መዥገር የሞተውን እንስሳ ለቆ ሌላ አካል ይፈልጋል። ስለዚህ ትኩስ ሌጦ ላይ ሕፃናት አይቀመጡ፤ ቤት ውስጥም አታሳድሩት።

ውዱእ በየቀኑ ጆሮንና የእግር ጣቶችን መካከል ያስዳስሰናል። መዥገር የሚወደው ግን ብብት፣ እምብርት፣ ብሽሽት፣ የጉልበት ጀርባና የፀጉር ሥር ነው። ከሜዳ እንደተመለሳችሁ ገላችሁን ታጠቡ፣ እነዚህን ቦታዎች በእጃችሁ ዳስሱ። ልብሱ ቀዝቃዛ ውሃ አይበቃውም፤ በሙቅ ውሃ እጠቡት።

ተጣብቆ ካገኛችሁት በክብሪት አታቃጥሉት፤ ጋዝም ቅባትም አታድርጉበት። በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው ሥር ያዙና ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ቦታውን በሳሙና ታጠቡ፣ ቀኑን መዝግቡ። ትኩሳት ከመጣ ሐኪሙን «ገጠር ነበርኩ፣ መዥገር ነክሶኛል» በሉት። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ቀን ከመሰቃየት ታድናለች።

ተወኩል ማለት ሰበብ መተው አይደለም። ሰበቡን አድርሰን ውጤቱን ለአላህ እንሰጣለን። ገጠር ለሚሄድ ወዳጃችሁ ይህን ጽሑፍ አድርሱለት፤ አላህ በጤና ሄዶ በጤና ከሚመለስ ያድርገን። አሚን።