የአንድ ቃል ዋጋ

አንባቢ ሆይ፤ በመንገድ ስትጓዝ ስምና ዘመን የተቀረጸበት ድንጋይ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ብታይ ምን ታደርጋለህ? ብዙው መንገደኛ ስሙን አንብቦ ያልፋል። ጥቂቱ ግን ቆም ይልና «ይህ ሰው የሞተው ስለ ምን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔም ዛሬ ላጫውትህ የፈለግሁት እንዲህ ስላለው አንድ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ የማን መታሰቢያ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ለሞት ያበቃውን ቃል ግን አይናገርም። ሰዋስውና ድርሰት ሳስተምር የኖርሁ ሰው በመሆኔ፣ እኔን ከድንጋዩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ያ ቃል ነው።

ድንጋዩ የሚገኘው በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ዊሆከን በምትባል ከተማ፣ የሐድሰንን ወንዝ ቁልቁል ከሚያሳይ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከወንዙ ማዶ የኒው ዮርክ ከተማ ይታያል። መታሰቢያነቱም ለአሌክሳንደር ሃሚልተን ነው። ሃሚልተን በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት የተዋጋ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1789 እስከ 1795 የአገሪቱ የመጀመሪያ የገንዘብ ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው። የገደለውም ሽፍታ ወይም የባዕድ ጦር አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው አሮን ቡር ነው።

በዚያ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ክብሩ የተነካበት ሰው ሰዳቢውን ለ«ዱኤል» ይጠራው ነበር። ዱኤል ማለት ሁለት ሰዎች ወኪሎቻቸውን አቁመው፣ ርቀት አስለክተው፣ በሰይፍ ወይም በሽጉጥ የሚጋጠሙበት ልማድ ነው። ኒው ዮርክም ኒው ጀርሲም በሕግ ይከለክሉት ነበር። ሆኖም «አልጋጠምም» ያለ ሰው ፈሪ ተብሎ ይናቅ ስለ ነበር፣ ብዙዎች ከሕጉ ይልቅ ሐሜቱን ይፈሩ ነበር። ሃሚልተንና ቡር ሁለቱም ጠበቆች እንደ ነበሩ ልብ በል።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። በ1804 ቡር የኒው ዮርክ ግዛት አገረ ገዥ ለመሆን ተወዳድሮ ተሸነፈ። በውድድሩ ሰሞን ሃሚልተን በአንድ የራት ግብዣ ላይ ቡርን ክፉኛ ነቅፎት ነበር። ይህንን የሰማ አንድ ሐኪም ነገሩን በደብዳቤ ጻፈ፤ ደብዳቤውም በኦልባኒ ከተማ ጋዜጣ ላይ ታተመ። ሐኪሙ የተባለውን አልዘረዘረም። ሃሚልተን ስለ ቡር ከተጠቀሰው «የባሰ የሚያስንቅ» አሳብ መናገሩን ብቻ አመልክቶ አለፈ።

«የባሰ» የሚለውን ቃል እስቲ እንመርምረው። ይህ ቃል ማነጻጸሪያ ነው። ከምን እንደሚብስና በምን ያህል እንደሚብስ ካልተነገረ በቀር አንባቢው የፈቀደውን ያህል ክፋት ሊጨምርበት ይችላል። የተነገረ ስድብ ወሰን አለው፤ በጥቆማ ብቻ የታለፈ ስድብ ግን ወሰን የለውም።

ቡር በጁን 18 ደብዳቤ ልኮ ሃሚልተን ይህን ማለቱን እንዲያምን ወይም እንዲክድ ጠየቀው። ሃሚልተን ከሁለት ቀን በኋላ ረጅም መልስ ጻፈ። ቃሉ ከቀላል እስከ ከባድ ብዙ ደረጃ ሊኖረው እንደሚችል አስረዳና፣ አንድ የተለየ ንግግር ቢጠቀስለት እንደሚያምን ወይም እንደሚክድ፣ በደፈናው ግን መልስ መስጠት እንደማይችል ገለጸ። ቡር ደግሞ ጥያቄው ሐኪሙ ቃሉን በሰዋስው ሕግ መሠረት በትክክል ተጠቅሞበት እንደ ሆነ ሳይሆን፣ ክብሩን የሚነካ ነገር መነገሩና አለመነገሩ እንደ ሆነ ጻፈለት። አንባቢ ሆይ፤ ሁለት የተማሩ ሰዎች ስለ አንድ ቅጽል በደብዳቤ ሲከራከሩ ወደ ሞት እየተጠጉ ነበር።

በሰዋስው በኩል ሃሚልተን ትክክል ነበር፤ ነገር ግን የተጎዳ ሰው የሚፈልገው የቃል ትንተና አይደለም። ቡርም ቢሆን የተነገረውን አንድ ነገር ለይቶ አላቀረበም። በጁላይ 4 ሁለቱም በአንድ የቀድሞ መኮንኖች ግብዣ ላይ ተገኙ። የግጥሚያው ጥሪ ከዚያ በፊት ተልኮ ነበር፤ ከእንግዶቹ ግን ብዙዎቹ አያውቁም ነበር። በአገራችን ቢሆን ኖሮ ሽማግሌዎች በመካከል ገብተው በመጀመሪያ «ምን አልህ? አንተስ ከማን ሰማህ?» ብለው ፊት ለፊት ያጠያይቋቸው ነበር። በእነዚያ መካከል የተመላለሰው ደብዳቤ ብቻ ነው።

ጁላይ 11 ቀን 1804 ማለዳ በሁለት ጀልባ ወንዙን ተሻገሩ። ቀዛፊዎቹ በኋላ በሕግ ቢጠየቁ «አላየንም» ለማለት እንዲችሉ ጀርባቸውን አዞሩ። ሃሚልተን በመጀመሪያው ተኩስ ቡርን እንደማይመታ አስቀድሞ በጽሑፍ ገልጦ ነበር። ሁለት ጥይቶች ተሰሙ፤ ማን ቀድሞ እንደ ተኮሰ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የቡር ጥይት ሃሚልተንን ሆዱ ላይ መታው፤ በማግስቱም በኒው ዮርክ ሞተ። ሚስቱና ሰባት ልጆቹ ቀሩ። የበኩር ልጁ ፊሊፕ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1801፣ በ19 ዓመቱ ከዚያ ብዙ ባልራቀ ስፍራ በዱኤል ሞቷል። ቡር በሁለቱም ግዛቶች ቢከሰስም ለፍርድ አልቀረበም፤ ነገር ግን እስከ ሞተበት እስከ 1836 ድረስ ዳግመኛ ለሕዝብ ሹመት አልተመረጠም።

የመታሰቢያውም ታሪክ ያስተምራል። በ1806 የቆመውን የእምነ በረድ ሐውልት መታሰቢያ የሚፈልጉ ጎብኚዎች እየሸረፉ አጠፉት። በኋላም የሁለቱ ስም የተጻፈባቸው ሁለት ድንጋዮች ቆመውበት ነበሩ የተባሉትን ስፍራዎች ያመለክቱ ነበር። በ1858 መንገድ፣ በ1870 የባቡር ሐዲድ በቦታው አለፈ። ሃሚልተን ቆስሎ ራሱን አሳርፎበታል የሚባለው አለት ወደ ገደሉ አፋፍ ተወሰደ። አጠገቡ የነበረውን የሃሚልተን ምስል በ1934 ሰዎች ወደ ገደሉ ጣሉት፤ በ1935 ሌላ ተተካ። በ2004፣ በሁለት መቶኛው ዓመት፣ አዲስ የመታሰቢያ ጽሑፎች ተጨመሩ። ድንጋይ ይሸረፋል፤ ከቦታው ይነሣል፤ ይሰበራል። ለጋዜጣ የተሰጠችው ያች «የባሰ» የምትል ቃል ግን እስከ ዛሬ ትነበባለች። አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

በአስተማሪነት ዘመኔ ተማሪዎቼ በድርሰታቸው «እሱ እጅግ ክፉ ሰው ነው» ብለው ሲጽፉ፣ በጠርዙ ላይ በቀይ ቀለም «ምን አደረገ?» ብዬ እጽፍላቸው ነበር። አንዳንዶቹ ለድርሰቱ ውበት ያልሁ ይመስላቸው ነበር። ነገሩ ግን ከውበት ይበልጣል። ነቀፋ ድርጊትን ከጠቀሰ ተነቃፊው ሊያምን፣ ሊያስተባብል፣ ይቅርታም ሊጠይቅ ይችላል። ድርጊቱን ሳይጠቅስ መጠኑን ብቻ ከተናገረ ግን ለተነቃፊው የመልስ በር ይዘጋበታል።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፤ ስለ ሰው ስትጽፍ ያየኸውን ጻፍ። የሌላውን ቃል ስታደርስ እንደ ተነገረ አድርስ፤ «የባሰም ብሏል» ብለህ አትለፍ። ሌላ ሰው ስለ አንተ የተናገረው ክፉ ነገር በሰው አፍ ቢደርስህም፣ ከመቆጣትህ አስቀድመህ «በትክክል ምን አለ?» ብለህ ራሱን ሂደህ ጠይቀው።