ሳላየው የኖርኩት ፊት

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ራሴ ድካም ነው። ታሪኩ የሴት ልጄም ስለሆነ አስቀድሜ አስነብቤያታለሁ፤ ፈቅዳልኛለች።

በወጣትነቴ ሥዕል እስል ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ ማስታወቂያ የሚጽፍ አንድ ባለሙያ ዘንድ እየሠራሁ የዘይት ቀለም አያያዝ ተማርኩ። የአብዮት በዓል ሲቃረብ የሱቅ ማስታወቂያው ይቀርና የማርክስን፣ የኤንግልስንና የሌኒንን ፊት በትልልቅ ሸራ ላይ እንስል ነበር። የሌኒንን ጺም ዓይኔን ጨፍኜ እስለው ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። መምህሬ ግን ይህን ሲያይ ይቆጣል። "የምታውቀውን አትሳል፤ የምታየውን ሳል" ይለኝ ነበር።

ጌታን ያገኘሁት በዚያው ዘመን፣ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ምዕመናን በየቤቱ በድብቅ በሚሰበሰቡበት ወቅት ነው። ሰው በሰልፍ ተሸክሞት የሚዞረው ምስል የእጄ ሥራ መሆኑ ኅሊናዬን ወጋኝ። ብሩሾቼን ለጓደኛዬ ሰጠሁ። ተው ያለኝ ሰው አልነበረም፤ በዘጸአት 20 የተጻፈው ስለ ተቀረጸ ምስል የሚናገረው ትእዛዝ በቂዬ ነበር። በኋላ ሥነ መለኮት ኮሌጅ ስገባ፣ ያው መጽሐፍ በምዕራፍ 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን ለእጅ ጥበብ በመንፈሱ እንደሞላው ይናገራል የሚለውን ተማርኩ። በፈተና ላይ በትክክል መለስኩት። ብሩሽ ግን አላነሳሁም።

ከአምስት ዓመት በፊት ልጄ ሳታገባ አረገዘች። የሽማግሌዎች ጉባኤ ከጌታ እራትና ከመዘምራን አገልግሎት እንድትታገድ ወሰነ። ውሳኔውን በምዕመናን ፊት ያነበብኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሽማግሌ ሊያነበው ይችል ነበር፤ "መጋቢው ለልጁ አዳላ" እንዳይባል ብዬ ወረቀቱን ራሴ ያዝኩ። ስሟን ስጠራ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። በዚያ ቀን ይህን እንደ ጽናት ቆጥሬው ነበር።

ሕፃኗ ተወለደች። ባለቤቴ ገንፎ አገንፍታ አረሰቻት። እኔ እጄን ጭኜ ጸለይኩና ወጣሁ። እገዳው በዓመቱ ቢነሳም ልጄ ወደ ጉባኤው አልተመለሰችም። ሌላ ሰፈር ቤት ተከራየች፤ ወደ ሥራ ስትሄድ ሕፃኗን ባለቤቴ ዘንድ ታውላታለች፣ ማታ በር ላይ ቆማ ትጠራታለች። የልጅ ልጄ እንዲህ እኔው ቤት እየሮጠች አደገች። እኔ ደግሞ የጥናት ክፍሌን በር እዘጋለሁ።

ባለፈው ክረምት ሕፃኗ አራት ዓመት ልትሞላ ስትል ባለቤቴ፣ "ፎቶ ሞልቷታል። አንተ እጅህ ያውቅበት የለ? እስቲ ሳላት" አለችኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ። ሸራ፣ ብሩሽ፣ ጥቂት ቀለሞች፣ የተልባ ዘይትና አኳራጅ ገዛሁ። ማስቀመጥም መጠበቅም አላስፈለገኝም ብዬ በቃሌ ሳልኳት፤ ክብ ፊት፣ ትልልቅ ዓይን፣ ፈገግታ። ባለቤቴ መጥታ አየችና፣ "ይህቺ የማን ልጅ ናት?" አለች።

መምህሬ ትዝ አለኝ። አሁንም የምስለው የማውቀውን ነበር። ስለዚህች ልጅ የማውቀው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንዴት እንደተወለደች።

ሥዕሉን ፍቄ በማግስቱ መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳት። እንዳትነሳብኝ ብርቱካን ሰጠኋት። ጆሮዋ የሟች እናቴ ጆሮ ነው። በግራ ቅንድቧ ላይ ቀጭን ጠባሳ አለ። መቼ እንደወደቀች ባለቤቴን ጠየቅኳት። "ሁለት ዓመት ሆናት፣ እዚሁ ግቢ። አንተ ስብከት እያዘጋጀህ ነበር" አለችኝ። ለጉንጯ ጥላ ጥቁር ቀለም አዘጋጅቼ ነበር። ትኩር ብዬ ስመለከት ግን ጥላው ጥቁር አልነበረም። ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ ሰማያዊ ይነካካዋል። ጥቁሩን ከሰሌዳዬ ጠረግኩት።

"አባባ፣ ለምን ታፈጥብኛለህ?" አለችኝ።

"እያየሁሽ ነው።"

"እስካሁን አላየኸኝም እንዴ?"

ብሩሹን አስቀመጥኩ። የዚያን ቀን ከዚያ በላይ መሥራት አልቻልኩም።

በ1ኛ ሳሙኤል 16 ላይ ሰው የሚያየው ፊትን እንደሆነ፣ እግዚአብሔር ግን ልብን እንደሚያይ ስንት ጊዜ ሰብኬያለሁ። እኔ ግን ፊቷን እንኳ አላየሁም ነበር። ደግሞም ዘፍጥረት 5፥3ን አሰብኩ። አዳም በምሳሌውና በመልኩ ልጅ ወለደ ይላል። "መልክ" ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጥ ቃል "ጼሌም" በዘፍጥረት 1፥27 ሰው በእግዚአብሔር መልክ ስለመፈጠሩ የተነገረው ያው ቃል ነው። በዘኍልቍ 33፥52 ግን እስራኤል እንዲያፈርሱት የታዘዙትን ምስል ያመለክታል። ሴት የተወለደው ከውድቀት በኋላ ነው፤ በዘፍጥረት 9፥6 ስንደርስ እንኳ ሰው የእግዚአብሔርን መልክ እንደያዘ ነው። እኔ የሰው እጅ የሠራውን ምስል ለመሸሽ ስጠነቀቅ፣ እግዚአብሔር ራሱ የሠራው መልክ ሳሎኔ ውስጥ ብርቱካን እየበላ ኖሯል።

ይህን ስል የቤተ ክርስቲያን ሥነ ሥርዓት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ጳውሎስ በገላትያ 6 የወደቀውን በየዋህነት ማቅናትን፣ በ2ኛ ቆሮንቶስ 2 ደግሞ የተቀጣውን ሰው ከልክ ባለፈ ኀዘን እንዳይዋጥ ማጽናናትን ያዛል። እኔ መቅጣቱን ፈጸምኩ፤ ማጽናናቱን ለሌላ ሰው ተውኩት።

በዘይት ቀለም ሥራ አንድ ሕግ አለ። ዘይት ያነሰበት ቀለም ከሥር፣ ዘይት የበዛበት ከላይ ይቀባል። ከተገለበጠ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። አንድ ቀን ማታ ልጄ ሕፃኗን ልትወስድ መጥታ ሥዕሉን አየችው። እንደ መጋቢ ስለ ጸጋ ብዙ የምለው ነበረኝ። ዋጥኩት። "በምዕመናን ፊት ስምሽን ስጠራ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ" ብቻ አልኳት። አልመለሰችልኝም። በሕፃኗ ጣቶች ላይ የነካውን ቀለም በጨርቅ ጠርጋ ይዛት ሄደች።

እሑድ እሑድ ወንበሯ እስካሁን ባዶ ነው። ነገር ግን ማታ ስትመጣ በር ላይ ቆማ አትጣራም። ገብታ ከእናቷ ጋር ቡና ትጠጣለች፤ አንዳንዴ እኔም እቀመጣለሁ። ሥዕሉ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ቫርኒሽ ግን ገና አልተቀባም። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ጋር እየተዋሃደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ወራት መጠበቅ ያስፈልጋል። እኔም እየጠበቅኩ ነው።

ወገኔ ሆይ፣ በቤትህ፣ በጉባኤህ ታሪኩን የምታውቀው፣ ፊቱን ግን ያላየኸው ሰው ማን ነው? ዛሬ አጠገቡ ተቀመጥ። ለመምከር አትቸኩል፤ መጀመሪያ እየው።

ጌታ ሆይ፣ ሳላይ የፈረድኩባቸውን ይቅር በለኝ። አንተ እኔን ባየህበት ዓይን እንዳያቸው እርዳኝ። አሜን።