75 ዋት

ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነበር። አንድ የውጭ አገር ቢሮ ተገልግሎበት ካበቃ በኋላ መርካቶ የደረሰ፣ የንብረት ቁጥሩ ጎኑ ላይ እንደተለጠፈ የገዛሁት። ኮር አይ ፋይቭ ስለሆነ ለጽሑፍም ለፊልምም እንከን አልነበረውም። በፈረንጆቹ 2015 ጂቲኤ 5 የተባለው ጨዋታ ለኮምፒውተር ሲወጣ ግን ጉዱ ፈላ፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የመጣው የኢንቴል ግራፊክስ መኪናዋን እየጎተተ፣ እየቆመ አስለቀሰን።

ግራፊክስ ካርድ ፍለጋ ስዞር ሻጮቹ የሚያወጡልኝ ትልልቁን ነበር። አንዱ ያገለገለ ጂቲኤክስ 660 አሳየኝና፣ «የኃይል ገመድ ከሌለህ ከሃርድ ዲስኩ ላይ እንቀጥልልሃለን» አለኝ። ከመክፈሌ በፊት ሰፈራችን ያሉትን ጠጋኝ ላማክር ሄድኩ።

«ፓወር ሰፕላይህ ስንት ዋት ነው?»

«275፣ ጋሼ።»

«ይሄ ብቻውን 140 ይበላል። ከየት ልታበላው ነው ልጄ?»

ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ስሎት ለካርዱ ከ75 ዋት በላይ እንደማይሰጥ፣ ከዚያ የበለጠ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ የራሱ ገመድ ሊመጣለት እንደሚገባ የሰማሁት ያኔ ነው። የኔ ዴል ያ ገመድ የለውም። መቀጠሉን እንዳነሳሁባቸው፣ «እኔ ሰው ቤት እሳት አልልክም» ብለው ዘጉት።

ከመሳቢያቸው ያወጡት ጂቲኤክስ 750 ቲአይ አጠር ያለ፣ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ እንኳ የሌለው ካርድ ነበር። 60 ዋት ብቻ። ካርቶኑ ላይ ግን «300 ዋት ፓወር ሰፕላይ» ይላል፤ ጣቴን ጠቆምኩበት። እስክሪብቶ አንስተው እዚያው ካርቶን ጀርባ ላይ ጻፉ፦ ፕሮሰሰር 77፣ ካርድ 60፣ ለቀረው ሁሉ 50። ድምሩ 187። «ካርቶኑ የሚያወራው ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ለገዛ ሰው ነው። ያንተ 275 ሲል 275 ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ 500 ተጽፎበት ሲያነሱት ባዶ ቆርቆሮ የሚመስል ስንት አይቻለሁ!

የኋላውን ቆርቆሮ ፈተው፣ ስሎቱን እፍ ብለው፣ ካርዱን ጫን ሲያደርጉት «ቀጭ» አለ። ሞኒተሬ የቪጂኤ ብቻ ስለነበር መቀየሪያ ጨመሩልኝ።

ያን ማታ ወንድሞቼ ጀርባዬ ላይ ተደራርበው የጨዋታውን ከተማ ሎስ ሳንቶስን ዞርናት። መኪናዋ ሳትንተፋተፍ ባሕሩን ይዛ ስትበር፣ የምሽቱ ፀሐይ ኮፈኗ ላይ ሲያብለጨልጭ፣ ማንም ቁልፉን ለማንም አልለቅም አለ። እናቴ ከበሩ ብቅ ብላ፣ «ይሄ የገዛችሁት ነገር ቆጣሪ አይበላም?» አለች።

«ኧረ እማዬ፣ 60 ዋት ነው። የጓዳው አምፖል ያህል ብቻ።»

«እንግዲያው የጓዳውን አጥፉልኝ» ብላን ሄደች።