እናቴ የሙዚየሙን ግድግዳ ስትዳብስ

ቅዳሜ ዕለት እናቴን ከሰበታ ይዣት መካኒሳ ሄድን፤ ዞማ ሙዚየምን ላሳያት። ስዕል አያለሁ ብላ ነበር የመጣችው። በሩን እንዳለፍን ግን ቀጥታ ወደ አንዱ ግድግዳ ሄዳ በመዳፏ ዳበሰችው። «ይሄ በደንብ የቦካ ጭቃ ነው» አለችኝ።

ሰዓሊ ኤልያስ ስሜና የሥነ ሰብእ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ በ2011 ዓ.ም ለሕዝብ የከፈቱት ይህ ሙዚየም የተሠራው በጭቃና በጭድ ነው። ጌጡም ከውጭ አልመጣም፤ ግድግዳው ላይ ጭቃው ራሱ እንደ ውኃ ሞገድ ተቀርጿል። ኤልያስን ብዙዎቻችሁ ከመርካቶ በሚሰበስበው ቁልፍ፣ ሽቦና የተጣለ የኮምፒዩተር ሰሌዳ በሚሠራቸው ሥራዎች ታውቁታላችሁ። እኔን ግን ከዚያ ሁሉ በላይ የያዘኝ ግድግዳው ነው።

ልጅ ሆኜ፣ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ እናቴ ጎረቤቶቿን ትጠራና ክረምቱ ያረገፈውን ምርጊት አብረው ያድሱ ነበር። እኛ ልጆቹ በባዶ እግራችን ጭቃና ጭድ እንረግጣለን፤ ይሰነብታል፣ ውኃ ይጨመርበታል፣ እንደገና እንረግጣለን። ሽታው እስኪለወጥ ድረስ እናቴ አንድ እፍኝ እንኳ ግድግዳ አታስነካም። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ሄጄ ቤታችን ብሎኬት ነው እል ነበር። ያንን ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም።

የጭቃ ቤት ይናፍቀኛል እያልኩ አይደለም። ያፈሳል፣ አይጥ ይገባበታል፣ በየዓመቱ ጉልበት ይበላል። ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም የሚኖር ሰው አቅሙ ሲፈቅድ ብሎኬት ቢሠራ እሰየው። የሚያንገበግበኝ ሙያው ነው። ማገሩን አጥብቆ የሚያስር፣ ጭቃው መድረሱን በሽታው የሚያውቅ ሰው ከቤቱ ጋር አብሮ እየተረሳ ነው። ሙያው ደግሞ መስታወት ውስጥ ገብቶ አይቀመጥም፤ የሚቆየው አንዱ ሲሠራ ሌላው አጠገቡ ቆሞ ካየ ብቻ ነው። ዞማን የምወደው ለዚህ ነው፤ ያ እጅ እዚያ ሥራ አግኝቷል።

የእኛ ከተሞች ሙዚየም እስኪሠራላቸው መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ትምህርት ቤት ግቢው ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ጎጆ ያስመርግ፤ እናቶቹን ይጥራ፣ የድካማቸውን ይክፈላቸው፣ ልጆቹ ይርገጡ።

ስንወጣ እናቴ ዞር ብላ ግድግዳውን አየችው። «ስንት ጊዜ ረግጠውት ይሆን?» አለች። ከዚያ ታክሲ ውስጥ እስከ ዓለም ገና ድረስ፣ የእኛን ቤት ማን ማን እንደመረገው በስም እየጠራች ነገረችኝ። ግማሾቹን አላውቃቸውም ነበር።